አሥራ ስድስት ብር ያወጣው ወርቅ

አቶ ወልደየስ ሠላሳ ዓመት የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ ከሚኖሩበት ከዴልፍስሃቨን ወደ ዘ ሄግ ከተማ በባቡር እየተመላለሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጥንት ጋዜጣ ማገላበጥ ያዙ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ቅድመ አያታቸው ሽባባው በእርግጥ ሞኝ ነበሩ?

ሽባባው አንድ ወቄት ወርቅ በአሥራ ስድስት ማርትሬዛ ብር ሸጡ። ጎረቤታቸው ኋላ የራሱን በሠላሳ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሁሉ «እነ አሥራ ስድስት» እየተባለ ሲፌዝበት ኖረ። አሁን ደግሞ የአቶ ወልደየስ ልጅ ፀደንያ ወንድ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ እሳቸው ሽባባው ሊሉት ቋምጠዋል። እዚያው አቅራቢያ ካፔለ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ይመኙሻል ግን አሻፈረኝ አለች።

«ጋሼ፣ በሕፃን ላይ የሞኝ ስም አያንጠልጥሉ!»

ወቄት የሚመዘነው በዚያው በብሩ ነበር፤ በአንዱ ሳህን አንድ ብር፣ በሌላው ወርቁ። እንግዲህ አሥራ ስድስት ብር ማለት ወርቅ ብርን አሥራ ስድስት እጅ በለጠው ማለት ነው። ወርቁም ብሩም ጥርት ያለ እንዳልነበር ያውቃሉ፤ አቻችለው ያዙት። የአምስተርዳም ገበያስ ምን ይል ነበር?

በቤተሰቡ ዳዊት ኅዳግ ላይ የሽያጩ ዘመን ተጽፏል፤ 1870። የዚያን ዓመት ጋዜጣ አስወጥተው የወርቁን ዋጋ ለብሩ አካፈሉ፤ አሥራ አምስት ተኩል መጣ። ወዲያው ደወሉ።

«ይመኙ! አትርፈዋል እንጂ አልተሞኙም!»

እሁድ ምሳ ላይ ፀደንያ የዳዊቱን ፎቶ አየችና ሳቀች። «አባ፣ ይሄ እኮ በእኛ አቆጣጠር ነው። አንተ የፈረንጁን ነው ያየኸው።»

ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። የልደታቸውን ዘመን በሁለት አቆጣጠር ለየመሥሪያ ቤቱ ሲያስረዱ ያረጁ ሰው!

ማክሰኞ ተመልሰው 1878ን አስወጡ። ስሌቱ አሥራ ስምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኘ። የጎረቤቱ ሠላሳ የመጣው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ብር በዓለም ሁሉ ከረከሰ በኋላ ነበር። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ግን ለአያት ክብር ሲባል የተደበቀ ሐቅ የማንን ክብር ነው የሚጠብቀው? የአያትን ወይስ የደባቂውን? ስልኩን አነሱ።

«ይመኙ፣ ተሳስቼ ነው። ሁለት ብር ተሞኝተዋል።»

«ሁለት ብቻ? ይሄን ሁሉ ዘመን የተሰደብነው በሁለት ብር ነው?» ሳቋ ስልኩን ሞላው። «እሺ ጋሼ፣ ሽባባው ይበሉት። ገበያ ብቻ እንዳይልኩት!»