የወጌሻው ውሻ ጉልበት

ጋሽ ዲበኩሉ አዳማ ውስጥ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ናቸው። ከወንጂ ድረስ እያነከሰ የሚመጣላቸው ሰው አለ። እኔ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ የስንቱን ጩኸት በግድግዳ ሰምቻለሁ። ኩራትም አያጣቸውም፤ «ራጅ የሚያስፈልገው እጅ ለሌለው ነው» ይላሉ።

ዘንድሮ ውሻቸው ቦቢ ባጃጅ ሲያባርር ድንገት ታጠፈና የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ ተመለሰ። «ወለም ብሎት ነው» ብለው በቅቤ አሹት፣ ሳቡት፣ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። ሲፈቱት ጭራሽ ባሰበት፤ ጉልበቱ አብጦ እግሩን መሬት አላስነካ አለ።

የእንስሳት ሐኪሟ ሊዲ ተጠርታ መጣች። ቦቢን አጋድማ፣ ጭኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቅልጥሙን በሌላው ወደፊት ገፋችው። እንደ መሳቢያ ሸርተት አለ።

«አባባ፣ አጥንቱ አልወለቀም። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ነው የተበጠሰው። በማሸት አይቀጠልም፤ ይብስበታል እንጂ» አለቻቸው።

እሳቸውም እንደሷ አድርገው ገፋ ሲያደርጉት ፊታቸው አመድ መሰለ። ሊዲ ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህን መንሸራተት እጄ ያውቀዋል። የገመቹ ጉልበትም እንዲሁ ነበር» አሉ።

ገመቹ የሰፈራችን ኳስ ተጫዋች ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው እሳቸው አሽተው አስረው «ድነሃል፣ ተጫወት» አሉት። ወዲያው ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ይኸው እስከዛሬ ያነክሳል። እሱ ግን የሚወቅሰው ራሱን ነው፤ ሳልጠነክር ገብቼ ነው ይላል።

ሊዲ ከመጣች ወዲህ ጋሽ ዲበኩሉ ሰው እያሹ እጃቸው መሀል ላይ ይቆማል። ቦቢ በሦስት እግሩ በግቢው ሲያልፍ ቀና ብለው ሳያዩ፣ «ገመቹ፣ መጣህ?» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁላቸው።

አንድ ቅዳሜ፣ «ሄጄ ልነግረው ነው» ብለው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ገመቹ ራሱ በበሩ ገባ። ልጁን ሃዊን አዝሏታል። ስትሮጥ ጉልበቷ ዞሮባት አብጧል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ጋሼ። እጅዎን ፈልጌ ነው» አለ።

«ሆስፒታል ውሰዳት፣ ገመቹ» አሉ። «ያንተን ጉልበት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጅማትህ ተበጥሶ ሳለ አሽቼ ሜዳ ሰደድኩህ።»

ገመቹ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ያኔ እርስዎ ባይደርሱልኝ ይህችን ታህልስ እራመድ ነበር?»

እያነከሰ ተጠጋና ልጁን ምንጣፉ ላይ አስተኛት፤ እግሯንም አንስቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠው።