ጋሽ ወንዳፈራሁ ድሮን የመረጡ ዕለት

ጋሽ ወንዳፈራሁን ያወቅኋቸው ዘመሮ ገበያ በግ ስገዛ ነው። የቀበሌያቸው መሬት ለኪ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. ሁለት ባለሙያዎች ለመሬት ደብተር ልኬት ድሮን ይዘው መጡ፤ አንዱ እንደ ጭልፊት ባለክንፍ፣ ሌላው ባለአራት ማራገቢያ። ምርጫው ለጋሽ ወንዳፈራሁ ተሰጠ። ልኩ ከተሳሳተ ጎረቤት በወሰን ይጋደላልና ሁለቱንም አላመኑም።

“እስቲ መጀመሪያ የኔን የገብስ ማሳ ለኩ” አሉ።

ባለክንፉን ያመጣው ጠጋ ብሎ “አባባ፣ ርዝመቱ በገመድ ስንት ወጣ?” አላቸው።

“ሰባ ሜትር” አሉት። እውነቱ ስልሳ ነበር።

ድሮኖቹ ዞረው ወረዱ። ጠያቂው ኮምፒውተሩን አይቶ “ሰባ” አለ፤ ሌላው “ስልሳ”።

“ያንተስ ድሮን ወሬ ይሰማል፣ ልጄ” አሉና ባለማራገቢያውን መረጡ።

ዘመሮ ከሄዳችሁ ጎራ ብላችሁ ጠይቋቸው። መጀመሪያ በጥርጣሬ ቢያዩዋችሁ አትቀየሙ።