ከበረዶው ስር የሄደችው ኤሊ

አስተማሪዋ ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። አቶ ጌታነህ ደብተራቸውን ይዘው መሀል ላይ፣ ልጃቸው ሳራ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ፣ እኔ መስኮቱ ስር። ከእኛ ከአራታችን በቀር ሰው አልነበረም። ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴም እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ስድስት ዓመት አለፈው። እዚህ ካናዳ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከፎቆቹ ስር ባለው አዳራሽ ለአረጋውያን ትምህርት ነበረን። አስተማሪዋ የአገራችን ልጅ ናት። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ የውጭ ሊቃውንት ተፈጥሮን እንዴት ይጽፉ እንደነበር ታስተምረናለች። ያማረ ነው ብሎ ማለፍ የለም፤ ስንት ስንዝር እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል፣ አብሮ ማን እንዳየ ይጻፋል።

አቶ ጌታነህ የጻፉትን አነበቡ። ጠዋት ከሰፈሩ በታች ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ኩሬውን የሸፈነው በረዶ እንደ መስታወት ጠርቶ ሳለ፣ ከበረዶው ስር ኤሊ ስትሄድ አዩ። ርዝመቷ ሁለት ስንዝር፣ ጅራቷ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ። "ካናዳዊት ስለሆነች ብርድ አትፈራም" ብለው ቀለዱ። ከታች በምስክርነት የእኔን ስም ጽፈዋል።

ሳራ አልሳቀችም። ምድጃ ሳያጠፉ ወጥተውባት፣ አእምሯቸው ደክሟል፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ይግቡ ወይስ ብቻቸውን ይኑሩ እያለች የምትጨነቅበት ሰሞን ነበር። ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎም አይተዋል?"

አይቻለሁ። እንዳልንሸራተት ክንዳቸውን ይዤ፣ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ግን ባሏ የሞተባት ሴት በማለዳ ከወንድ ጋር ሸለቆ ምን ትሠራለች እንዳልባል ፈራሁ። በዚያ ክፍል ማን ነበር እንዲህ የሚለኝ?

"እኔ አላየሁም" አልሁ።

አቶ ጌታነህ አልተከራከሩኝም። እስክሪብቶ አውጥተው ስሜን ሰረዙ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው" አሉኝ።

በወሩ ነርሲንግ ሆም ገቡ። ያስገባቸው ምድጃው ነው እላለሁ አንዳንዴ። አይደለም። እኔ ነኝ። አይቼ አላየሁም ያልሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን ስጨፍን ኤሊዋ ከእግሬ ስር ታልፋለች፣ ቀስ ብላ። እናንተን፣ ይህን የምታነቡትን፣ ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም።

ባለፈው እሑድ አይቼ እንደነበር ልነግራቸው ነርሲንግ ሆም ሄድሁ። ሳራ ሾርባ ታጠጣቸዋለች። በረዶ እየጣለ እንደሆነ ጠየቋት።

"ዳዲ፣ መስኮቱ እኮ አጠገብህ ነው" አለች።

"እኔ ዓይኔን አላምነውም። ወይዘሮ አስካለ ይንገሩኝ" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

እየጣለ ነው አልኋቸው። የመጣሁበትን ሳልነግራቸው ሻርፔን አንስቼ ወጣሁ።