የምርጫ ሰሞን ምእመን

ባለቤቴ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ሲለኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። የአገር ፕሬዚዳንትነት እንዳይመስላችሁ፤ የማኅበር ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እዚህ ስቶክሆልም የአገራችን ሰዎች ማኅበር ነበረን። አካላ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ባለ ምድር ቤት ይሰበሰባል። «ሊቀመንበር» የሚለው ቃል ከአገር ቤት ይዞት የመጣ ጣጣ ስለነበረ ነው መሰለኝ፣ መሥራቾቹ መሪውን «ፕሬዚዳንት» አሉት። እንግዲህ ቀን ቀን ኮሙን በሚሉት የማዘጋጃ ቤት ቢሮ ተቀምጦ የመንገድ ጥገና ዕቅድ የሚያወጣው ባሌ ፕሬዚዳንት ሊሆን ተነሳ።

ሳቄን የዋጥኩት ዕቅዱን ሲያስረዳኝ ነው። አገር ቤት መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ማኅበሩ ሁለት ጎራ ሆኖ ነበር። አንዱ አዲሱን መንግሥት ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል፤ ስብሰባው በአጀንዳ ይከፈትና «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» በሚል ጩኸት ይዘጋል።

«የሚጮኹት ሁለቱም ወገኖች ቢደመሩ አንድ አውቶቡስ አይሞሉም» አለኝ። «ብዙው ሰው የማይመጣው ነው። የማይመጣው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጭቅጭቅ የሰለቸውና ቸርች የሚሄደው።»

ጭቅጭቅ የሰለቸውን ሰው እሱ ራሱ በተማሪነቱ ዘመን «መሀል ሰፋሪ» እያለ ሲሰድበው ነው የኖረው። አሁን መሀል ሰፋሪው ድምፅ ሆኖ ታየው።

እውነት ለመናገር የያዘው ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። ለልጆች የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን አይሆንም፤ ስዊድንኛ የከበደውን ሽማግሌ ቢሮ ይዞት የሚሄድ ሰው ይመደባል። «ፖለቲካችሁን ከካፖርታችሁ ጋር በር ላይ ስቀሉት፣ ስትወጡ ታገኙታላችሁ» ይላል፤ ሰውም ይስቅለታል። ከሁሉ ግን የትምህርት ቤቱ ነገር ከልቡ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ በስዊድንኛ ነው። እናቱ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ልጅቷ ስልኩን ትይዝና ዝም ትላለች፤ እሳቸው «አለሽ ወይ? አለሽ ወይ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚያወራው። ፊቱን እንዳናይበት ነው።

መሀል ሰፋሪዎቹን በረዶው ሳይቀልጥ ሰበሰባቸው። ከሥራ ሲመጣ ስልክ ላይ ነው፤ ሰፈራችን ሮግስቬድ፣ ከቤታችን ሥር ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የአገሩን ሰው ካገኘ ማሽኑ እስኪጨርስ አይለቀውም። አፈ ቅቤ ነው፤ ልቡ ግን ጩቤ አልነበረም። ኦርቶዶክሶቹም ብዙ አላስቸገሩትም። ሲወለድ የተጠመቀ ነው፤ ለጥምቀት በዓል እናቴ የላከችልኝን ነጠላ አጣፍቶ ሄደ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እነሱ ቤት ምስር ወጥ እየበላ «ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?» ይላል፤ ቤቱ ሲመለስ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ሥጋ ይፈልጋል።

«አንተ ሰውዬ፣ በሁለት ቢላዋ ነው የምትበላው» አልኩት።

«ለትምህርት ቤቱ ከሆነ በሦስትም እበላለሁ» አለኝ።

ሦስተኛው ቢላዋ እኛ ነበርን፤ ጴንጤዎቹ።

ኅብረታችን ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር፣ ከስዊድኖች በተከራየነው አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ይሰበሰባል። ከኛ ቤት አንድ ጣቢያ ስለሆነ በእግር እንሄዳለን። ዘጠኝ ዓመት የሄድነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ባለቤቴ ከልክሎኝ አያውቅም፤ ሃይማኖትን ግን በልጅነቱ እንደለበሰው ቁምጣ ያየዋል፤ አንድ ጊዜ ልኩ ነበር፣ አሁን አልፎበታል። የኅብረቱ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሱ ደግሞ እነሱ እንደሚያውቁ አያውቅም። እኛ ዘንድ «የጸሎት ርዕስ» የሚባል ነገር አለ። ሰው የከበደውን ነገር ለጸሐፊዋ ይነግራታል፤ እሷ ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለች፤ በየእሑዱ እየተነበበ ሁሉም ይጸልይበታል። ሥራ ያጣ፣ ልጅ የታመመበት፣ የመኖሪያ ፈቃድ የዘገየበት። የኔ ርዕስ «ስለ እህታችን ባለቤት መዳን» የሚል ነበር። ሥራ ያጣው ሥራ አግኝቶ ከወረቀቱ ይወጣል፤ የዘገየውም ፈቃድ ይመጣል። የኔው ግን ዘጠኝ ዓመት ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ ቆየ።

የካቲት ውስጥ አንድ እሑድ ካፖርቴን ስለብስ እሱም የራሱን አነሳ።

«ወዴት ነው?»

«ከእናንተ ጋር።»

ምን ፈልጎ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ግን ዘጠኝ ዓመት የለመነች ሴት እያወቀችም ተስፋ ታደርጋለች። ልጃችን የጫማዋን ክር እያሰረች ቀና ብላ አየችውና በስዊድንኛ «እስከ ምርጫው ነው ወይስ ለዘለዓለም?» አለችው። ሳቀና በሩን ከፈተልን።

አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። መዝሙር ሲጀመር የመዝሙር መጽሐፌን አንድ ጎን ያዘልኝ፤ ዜማውን ባያውቀውም በወፍራም ድምፁ ከሥር ከሥር አጎራጎረ። ባልና ሚስት በተርታ ተቀምጠው ሲዘምሩ ሳይ ስቀና የኖርኩ ነኝ። ያን ቀን እኔም ባሏ አብሯት የመጣ ሴት ሆንኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስታዬ እስከ ጸሎቱ ነው የቆየው። ጸሐፊዋ ተነሳች፤ እንደ ልማዷ ወረቀቷን ዘርግታ ቁልቁል አነበበች፤ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ስትደርስ በዚያው ድምፅ «ስለ እህታችን ባለቤት መዳን» አለች። ካለች በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችን። እጇ አፏ ላይ ሄደ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ዘጠኝ ዓመት በየሳምንቱ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት፣ እንደ ጠፋ ሰው ሲነሳ መኖሩን ገና ያኔ መስማቱ ነው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ብድግ አለ።

«ወንድሞችና እህቶች» አለ፤ «ይኸው ዛሬ በእግሬ መጥቻለሁ። ጸሎታችሁ መሰማት የጀመረ ይመስለኛል።»

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሴቶቹ እያለቀሱ አቀፉኝ። እኔ ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መታጠቢያ ቤት፣ መስተዋት ፊት ንግግር ሲለማመድ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

የኅብረቱ መሪ በሥራ ቀን አውቶቡስ የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው። እንባውን ጠረገና «እንግዲህ እህታችን ምስክርነት አለባት» አለ። ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል፤ የማይቀር ወግ ነው። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። የማኅበሩ ምርጫ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ቀኑን ሲሰማ ፊቱ በራ።

ወሬ ከባቡር ይፈጥናል። ሰኞ ዕለት ኦርቶዶክሶቹ ደወሉ። «ጴንጤ ሆንክ አሉ?» ሲሉት «እኔ የሁላችሁም ነኝ» ይላል። ሲዘጋ ላቡን ይጠርጋል። ማክሰኞ ደግሞ ለእኔ ተደወለ። ኅብረቱ ውስጥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ እሳቸው ያሉትን ሌላው ይከተላል።

«ልጄ፣ ባልሽ ዳነ ማለት ነው?»

«እማማ፣ በምስክርነቴ ቀን ይሰሙኛል።»

«እንግዲህ እኔ እሱን አላውቀውም፤ የማውቀው አንቺን ነው። አንቺ ከመሰከርሽለት ሁላችንም ወጥተን እንመርጠዋለን። አለዚያ እዚያ የጩኸት ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳህን እያጠብን ነበር።

«ሁለት ቃል ነው» አለኝ። «ድኗል በይ አላልኩሽም። ጌታ እየሠራ ነው በይ። ተስፋሽ አይደለም እንዴ? ተስፋሽን ተናገሪ።»

«ተስፋ ሌላ፣ ምስክርነት ሌላ።»

«ያለ እነሱ ድምፅ አላሸንፍም። ካላሸነፍኩ ትምህርት ቤቱ የለም። ልጅቷን አስቢያት።»

አሰብኳት። ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አላሰብኩም። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የአንዷን አሮጊት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ። ብመሰክር እግዚአብሔር ፊት ዋሸሁ፤ ባልመሰክር የልጄን አባት በሰው ፊት አዋረድኩ፣ የለፋበትንም አፈረስኩ። እሱ በመካከሉ ባለው እሑድም መጣ። ጉባኤው ሲበተን ወንበር ሰበሰበ፣ ለሽማግሌዎቹ ካፖርት አለበሰ፣ ከአውቶቡስ ነጂው ጋር ስለ መንገድ ጥገና ተከራከረ። ደስ እያለው ይመስል ነበር። ይህ ነው የባሰ ያስጨነቀኝ።

ቀኑ ደረሰ። ወደ ፊት ወጥቼ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ባለቤቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከረባት አስሮ ተቀምጧል። ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም።

«ጸሎቴ ገና አልተመለሰም» አልኩ። «ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። እዚህ የመጣው ግን ድምፃችሁን ፈልጎ ነው። እኔም እያወቅሁ እልል ስትሉ ዝም ብያለሁና ይቅር በሉኝ። ርዕሱን ከወረቀቱ አታውጡት።»

ጀምሬ መተው አልወድም።

«የልጆቹ ትምህርት ቤት እውነት ነው። እናቱና ልጃችን በስልክ መነጋገር ሲያቅታቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህኛው እመሰክራለሁ።»

እልልታ የለም። አንድ ሰው ሳለ። እማማ ከፊት ወንበር፣ ያንሾካሾኩ መስሏቸው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «እኛስ ሰባኪ መቼ አጣን፤ የጎደለን አስተማሪ ነው» አሉ። ባለቤቴ ጫማውን ያያል።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ከፊት፣ ልጃችን ከመሀል፣ እኔ ከኋላ ሆንን። በር ላይ ቁልፉን እያወጣ «አዋረድሽኝ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

ሳምንቱን ሙሉ ከጨውና ከስኳር በቀር አልተጠያየቅንም። ቅዳሜ አካላ ሄድን። ምድር ቤቱ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል። ሁለቱ ጎራዎች እንደ ልማዳቸው ሊጮኹ ሲነሱ ጭቅጭቅ የሰለቸው ሁሉ «ተቀመጡ!» አላቸው፤ ደንግጠው ተቀመጡ። ኦርቶዶክሶቹ መጥተዋል፤ የኔ ምስክርነት ለእነሱም ደርሶ፣ ለካ አልሄደብንም ብለው ተመልሰውለታል። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሃግሴትራ አካላ ድረስ፣ ከዳር እስከ ዳር በባቡር መጥተው እጃቸውን አነሱ፤ ከኋላቸው የኛ ሰዎች ሁሉ አነሱ። እኔም አነሳሁ። ባለቤቴ በሰፊ ልዩነት ተመረጠ። በንግግሩ ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፣ ወጣቶቹን አመሰገነ፣ ወንበር የደረደሩትን ሳይቀር አመሰገነ። እኔን አላነሳኝም፤ አልጠበቅኩምም።

ትምህርት ቤቱ በዚያው ዓመት ተከፈተ። ልጄ አማርኛ ማንበብ ቻለች፤ ከአያቷ ጋር እየተኮላተፈችም ቢሆን አወራች። ባለቤቴ ጥሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ኩርፊያችንም ከፋሲካ አላለፈም። ያ ቀን ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ነው የምናገረው። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የምርጫው ማግስት ነው፤ እሑድ።

ካፖርቴን ስለብስ ባለቤቴ ሳሎን ጋዜጣ ያነብ ነበር። ቀና አላለም። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩና ከልጄ ጋር ወጣሁ። ስንደርስ እሷ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች፤ እኔ ተቀመጥኩና ቦርሳዬን ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አኖርኩ። ባለቤቴ ናፈቀኝ። ሦስት እሑድ ብቻ ነው አጠገቤ የተቀመጠው፤ እሱንም ለድምፅ ብሎ። ውሸት መሆኑን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ ያው ውሸት የናፈቀኝም እኔው ነኝ። አዳራሹ እየሞላ ሄደ። ዘግይታ የመጣች አንዲት ሴት ሰዎቹን እያስነሳች በረድፉ መሀል አልፋ መጣችና ጎንበስ አለችልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?»

እዚያው አዳራሽ፣ ማይክሮፎን ይዤ ለመዋሸት እምቢ ካልኩ ገና ሳምንቴ ነበር።

«አለው» አልኳት።

ሴትየዋ ይቅርታ ጠይቃኝ ተመለሰች፤ ጉባኤው እስኪያልቅ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር።