በልሳን ነው ያላልንበት ጠዋት

በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ የገበያው ቦታ ለማን እንደተሰጠ ሳይነገረን ለምን እንደምናጨበጭብ ጠየቅሁ። ሌላ ምንም አላልኩም። እስኪመሽ እንኳን አልጠበቁም፤ ከአዳራሹ በር ላይ በባጃጅ ወሰዱኝ። በሁለት ፖሊሶች መሀል ስቀመጥ ጉልበቴን አመመኝ፤ አንደኛው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። እሱንም አልረሳም።

የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ጂንካን የሚያውቅ ሰው ቀትር ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃል። መስኮት የለውም፤ ከበሩ በላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ። ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንዷ ከጂንካ ማዶ ካለችው ከገዘር የመጣች ገበሬ ናት፤ ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን አመጧት። ሌላዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ አስም ያለባት ልጅ። ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ወደ ግቢው ያወጡናል። ለእኛ እግር ማፍታቻ ነው፤ ለእሷ ትንፋሿ ነው።

ልጅቷ ብቻዋን የሆነ ነገር ስታነበንብ የገዘሯ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ጌታ ይባረክ፣ በልሳን ትጸልያለች" አለችኝ።

ልጅቷ ሰምታ ሳቀች። "ልሳን አይደለም እትዬ። ሎዥባን ይባላል። ሰዎች ቁጭ ብለው የሠሩት ቋንቋ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር አሻሚ እንዳይሆን ብለው።"

"ለስብሰባ የሚሆን ቋንቋ ነው" አልኩ።

"ሁለት ቃል ሲጣመር ግን እሱም ክፍት ይተዋል። ፒንፉ እስረኛ ነው፣ ዝዳኒ መኖሪያ። ፒንፉ ዝዳኒ ሲባል ፊተኛው ኋለኛውን ይገልጻል፤ እንዴት እንደሚገልጸው ግን አይናገርም።"

"ይሄ ክፍል ነዋ" አለች የገዘሯ።

"ወይም ትተሽው የመጣሽው ቤትሽ። ወይም እስረኛ የሠራው ቤት። ሦስት ቃል ከሆነ የፊተኞቹ ሁለቱ ቀድመው ይጣመራሉ፤ እሱ ደንብ አለው። ዝምድናቸውን ግን አሁንም ጠይቆ ነው።"

"ታዲያ አታለውሻላ" አልኳት።

"አላታለሉኝም። ክፍት መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል።"

ይህ ደስ አለኝ። ያልወሰነውን አልወሰንኩም የሚል ሰው እንኳን ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ጨዋታ አደረግነው። ልጅቷ ሁለት ቃል ታጣምራለች፣ የገዘሯ ትርጉም ታመጣለች፣ እኔ እዳኛለሁ። "ወንበር ላም" ስትላት፣ "የአማቴ ላም ናት፤ ከተቀመጠች በዱላም አትነሳም" አለች። ፈረድኩላት። ሳቃችን ከበሩ አልፎ አዛዡን አመጣው።

"በምን ቋንቋ ነው የምትነጋገሩት?"

ልጅቷ አስረዳችው፣ እኔም ጨመርኩበት። ባስረዳነው ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። "ምስጢር ነው" አለ። "ከነገ ጀምሮ እሷ አትወጣም።"

እሱ ሲሄድ በራችንን የምትጠብቀው ፖሊስ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ጴንጤ ናት። የገዘሯን ሴት፣ "በልሳን እየጸለየች ነው በይኝ። እኔ እነግረዋለሁ፤ ይተዋታል" አለቻት።

የገዘሯ ሴት ልጅቷን አየቻት። የልጅቷ ደረት ያፏጫል።

"በመንፈስ ቅዱስ አልዋሽም፣ እህቴ" አለች።

ልጅቷ እጇን ያዘቻት። "ልክ ነሽ እትዬ።"

በማግስቱ ጠባቂዋ በሩን ከፈተች። "እማማ፣ ይውጡ።"

ነጠላዬን አስተካክዬ እዚያው ተቀመጥኩ። "አየሩ የሦስታችን ነው። ለሁለት ከሆነ ይቅርብኝ።"

የገዘሯም ከጎኔ ቁጭ አለች።

"አዛዡ ይቆጣል፣ እማማ።"

"ይቆጣ። አንቺን ግን አልተቆጣንም።"

ጠባቂዋ ቁልፉን እያገላበጠች ቆመች። "አትወጣም ነው የተባልኩት" አለች በመጨረሻ። "በሩን ዝጊ አልተባልኩም።" እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተችው። ልጅቷን ከደፉ ወዲህ፣ እግሯ ሳይሻገር አስቀመጥናት። ከተራራው በኩል የሚመጣው ነፋስ ገባ። እስክንፈታ ድረስ ጠዋታችን እንዲህ ሆነ፤ ማናችንም አልወጣንም።

ልጅቷ አሁን ወይጦ ከተማ ታስተምራለች። የገዘሯ ሴት በገበያ ቀን በሚኒባስ ስትመጣ ቤቴ ጎራ ትላለች። ልጆቼ ያ ጊዜ ሲነሳ ተበድለሻል ይሉኛል። እውነት ነው፣ ተበድያለሁ። እኔ ግን አብዝቼ የማስበው ከልጅቷ ኋላ ተቀምጬ ያየሁትን ነው፤ የደረቷ ፉጨት እየቀነሰ፣ ትከሻዋ ቀስ እያለ ሲወርድ።