የመምሬ ጥላዬ ጾም

ባለፈው እሑድ የንስሐ አባታችን ቤታችንን ሊባርኩ ጉርድ ሾላ መጡ፤ እኔ ከልጅ ልጄ ጋር ነው የምኖረው። ወጣት ቄስ ናቸው። ከመገናኛ በእግራቸው ስለመጡ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ጸሎቱ አልቆ ጸበል ከተረጨ በኋላ የልጅ ልጄ ሚስት ምሳ አቀረበች። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሰው «በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። እሷም «እሺ አባ» ብላ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«መልሺው» አልኳት።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። በሰማንያ ሁለት ዓመቴም ድምፄ ያው የእንጨት ቆራጭ ድምፅ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ያሳንሰዋል። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ እየቆረጥሁ፣ ባለሱቆች ስኳር የሚጠቀልሉበትን የጋዜጣ ቁራጭ እየለቀምሁ፣ ማንበብን ብቻዬን ተማርሁ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ባሕረ ሐሳብን፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ቀመር፣ ዳሩ ከተበላ አንድ መጽሐፍ ላይ ፈታሁት። ፋሲካ በስንት ይውላል የሚል ሁሉ ደብተራውን ትቶ እኔን ይጠይቅ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ወይም ነው። ብቻ ለሚቀጥለው ነገር ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከየካ ኮረብታዎች በአንዱ ሥር ትንሽ ደብር ነበረችን፤ ስሟን አልጠራም። የቤታችን ንስሐ አባት መምሬ ጥላዬ ነበሩ። ሚስታቸውም አንድ ልጃቸውም ሞተውባቸዋል። ካህን ደመወዝ አልነበረውም፤ ለአገልግሎቱ የተሰጠውን መሬት ያርሳል፣ የንስሐ ልጆቹም ከምርታቸው ያካፍሉታል። አንድ ዓመት በሰኔ፣ ለእርሻ ጊዜ፣ የመምሬ በሬ ሞተና መሬታቸው ጦም አደረ። ሁላችንም አይተናል። ግን እያንዳንዱ ቤት ጎረቤቱ ይሰጣቸዋል ብሎ ዝም አለ። በመሳለም በኩል ማንም አልሰነፈም፤ በበቅሎ የሚሄድ ሰው እንኳ መምሬን ሲያይ ወርዶ መስቀላቸውን ይስም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እናቴ አንድ ቁና ገብስ ሰፍራ ለመምሬ አድርስ አለችኝ። የግንቦት ዝናብ መጥቶ ስለሄደ መንገዱ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። መምሬን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ገብሱን ሳቀርብላቸው ሽማግሌዎቹን አየት አደረጉና «ተወው ልጄ፣ ለተቸገረ ስጠው። እኔ ሱባዔ ይዣለሁ» አሉኝ። በጾምና በጸሎት ተወስኛለሁ ማለታቸው ነው።

በወጋችን የተከበረ ሰው ሲሰጡት መጀመሪያ እንቢ ይላል። ሰጪው «በሞቴ» ብሎ ይለምናል። አሁንም እንቢ ይላል። በሦስተኛው እያፈረ ይቀበላል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ሱባዔ የሚለውን ስሰማ ደረቴ ተነፋ፤ የእኔ ንስሐ አባት ከሰው ሁሉ ንስሐ አባት በለጡ። ቁናዬን ተሸክሜ ተመለስሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በየተራ የሚያበሉበት ሰንበቴ ነበረን። እዚያ ተነስቼ መምሬ ሱባዔ ላይ ናቸውና በምግብ አትፈትኗቸው አልኩ። የተማረ ሰው ቃል ነውና ተሰማ። አሳላፊዋ ዳቦውን መምሬን አልፋ ከጎናቸው ላለው ሰጠች። ጠላውም አለፋቸው። አንዲት አሮጊት «ፊታቸውን እዩት፣ ብርሃን ብቻ ቀርቷል» አሉ። መምሬ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። በቀጣዮቹ እሑዶችም እንዲሁ ሆነ። እሳቸው በከሱ ቁጥር ሰው መስቀላቸውን ለመሳለም ይጋፋ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ለመንካት ይሻማ ጀመር። ከማን ቤት ምን እንደገባላቸው የጠየቀ የለም።

የጰራቅሊጦስ ሰሞን የመጪውን ዓመት በዓላትና አጽዋማት በወረቀት አውጥቼ ቤታቸው ሄድሁ። ያደንቁኛል ብዬ ነው። መደብ ላይ ተኝተዋል። ጎታቸው ተጠርጎ ተደፍቷል። ምድጃው ላይ ድስት ነበር፤ ከፈትሁት። ጨው የሌለው የተቀቀለ ሳማ ነው።

«አባቴ፣ ሱባዔ ነኝ ብለውኝ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ሰው ቆሞ ነበር፣ አፈርሁ» አሉ። ቀጥለውም «አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው እንቢ ያልኩህ፣ ልጄ» አሉኝ።

በእጄ የያዝሁት ወረቀት ላይ፣ በራሴ ጽሕፈት፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም የሚል አለ። መምሬ እንቢ ያሉኝ በዚያ ሃምሳ ቀን ውስጥ ነው። በዚያ ወቅት የሚጾም ካህን እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በመንደሩ አልነበረም።

እናቴ አጥሚት ይዛ ሮጠች። ሆዳቸው አልተቀበለውም። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

ለአርባቸው ደብሩ በሬ አረደ። በሬያቸው በሞተ ጊዜ ቢሰጣቸው ኖሮ ያርሱበት ነበር። እንጀራው ተርፎ ወደየቤቱ ተወሰደ፤ ሰው ስለ ጾማቸው እያወራ በላ። እውነቱን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቴ እኔን ታየኛለች። የተማርሁ ነኝና መናገር ይገባኝ ነበር። ሥጋዬን በላሁና ዝም አልኩ።

ሳህኑ ሲመለስ ወጣቱን ቄስ «በሞቴ» አልኳቸው።

«በእውነት በቃኝ፣ አባቴ።»

«በሞቴ» አልኩ ደግሜ።

ሦስተኛው ሳይመጣ እጃቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ። የልጅ ልጄ ሚስት ወጥ ጨመረችላቸው፤ እሱም አለቀ። ለካ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር።

የማውቀውን ሁሉ ያለ አስተማሪ ነው ያወቅሁት፤ ይህን እስክሞት እናገራለሁ። እንግዳን ሦስት ጊዜ መለመንን ግን መምሬ ጥላዬ ናቸው ያስተማሩኝ። የእሳቸውን ቁና ገብስ ተሸክሜ ወደ ቤቴ መመለሴን አልረሳሁም፤ በዚያ ሳምንት እናቴ ቆልታው በላነው።