በቃል የተያዘ ኮምፒውተር

የቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒውተር ከነማሸጊያ ላስቲኩ አርጅቶ ነበር። ጸጉሬ የሸበተው እሱ እስኪከፈት ስጠብቅ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም። «እንዳይበላሽ» ተብሎ ጓዳ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ቁልፉም እኔ ዘንድ ነበር።

አብረውኝ የሚሠሩትን ሽማግሌ የኔታ እላቸው ነበር። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜያቸው ያለቀው እዚህ አማኑኤል ከተማ፣ መጽሐፍ ሲያወጡና ሲመልሱ ነው። ሌላ ካታሎግ አልነበረንም፤ እሳቸው ነበሩ። ተማሪ መጥቶ «ቀዩ የኬሚስትሪ መጽሐፍ» ካለ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ከግራ ሰባተኛው። ጀርባው ተገንጥሏልና ቀስ ብለህ አውጣው» ይላሉ። መጽሐፉ ድምፃቸውን ሰምቶ «አቤት!» የሚል ይመስለኝ ነበር።

አምና አዲስ መዋቅር መጣ። በመደቡ የሚቆየው የኮምፒውተር ምዝገባ ሠልጥኖ ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው፤ የወደቀ ጥበቃ ይሆናል ተባለ። መመሪያውም አስቀድሞ ተላከልን። እኔ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ለቀትር እንቅልፌ ትራስ አደረግሁት። የኔታ ግን እንደ ዳዊት ደገሙት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ በዜማ ይሉታል፦ «አዲስ የሚለውን ተጫን፤ በርእስ ሣጥን ርእሱን ጻፍ፤ አስቀምጥ የሚለውን ተጫን…»

«የኔታ፣ ከበሮ ላምጣ እንዴ?» አልኳቸው።

«ሳቅ፣ አንተ ቀልማዳ! አንዲት ነጥብ አልሳትኩም።»

እውነትም አልሳቱም። እኔም ሳቅሁ፣ አጨበጨብኩ። «ኑ፣ ላስቲኩን እንቅደድና እጅዎን ያስለምዱ» ግን አላልኳቸውም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲንቃጨል ይሰማኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ አምስት ቀን ሠለጠንን። አራቱን ቀን መብራት ስላልነበረ ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ሆነ፤ የኔታም አንደኛ ወጡ። ወጣቱ አሠልጣኝ ሲረሳ የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ። በአምስተኛው ቀን መብራት መጣ፤ ፈተናም መጣ።

«አባቴ፣ እስቲ ይህን መጽሐፍ ይመዝግቡልኝ።»

የኔታ ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩት።

«አይ አባቴ፣ በቃል አይደለም። ይቀመጡ፤ በማውሱ።»

ተቀመጡ። ያንን ማውስ እንደ ጫጩት በመዳፋቸው አፈኑት። ገፋ ሲያደርጉት ቀስቷ ስክሪኑ ላይ በርራ አንዱ ጥግ ገባች። አንድም መጽሐፍ ጠፍቶባቸው የማያውቅ ሰው፣ ያችን ቀስት ፈልገው አጧት።

«ወዴት ሄደች?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁን የጀመርኩት እኔ ነበርኩ።

እኔ አለፍኩ። በወጣትነቴ ኮምፒውተር ላይ ካርታ ስጫወት ያቃጠልኩት ጊዜ ጠቀመኝ። የኔታ በር ላይ ዱላ ይዘው ቆሙ። እኔ ላስቲኩን ቀደድኩ፤ መጻሕፍቱንም በአዲሱ ቁጥር እየመዘገብኩ ከቦታ ቦታ አዘዋወርኳቸው። ግማሽ ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ጭስ ቢጤ ተንፍሶ ሞተ፤ ዝርዝሩንም ይዞት ሄደ። ይጠገንልን ብለን ጻፍን። መልሱ ለሁለተኛ ዙር ሥልጠና መጥሪያ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ ጠየቀችኝ። «በር ላይ ያሉትን አባት ጠይቂያቸው» አልኳት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ በመስኮት አየሁ።

«ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ፣ ከቀኝ አራተኛው።»

ልጅቷ ገብታ ተመለሰች። «አባባ፣ እዚያ ያለው ሌላ መጽሐፍ ነው።»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«እንግዲያስ ረስቼው ነው፣ ልጄ» አሉ።

አልረሱም። ከዚያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የት እንዳስቀመጥኩት ግን አላውቅም።